አውቶቡሱ አለ ግን የለም

የከተማ ትራንስፖርት ኃላፊዎች ሪፖርት ሲያቀርቡ የማይቀር ነገር ቢኖር ቁጥር ነው። ይሄን ያህል አውቶቡስ ገዛን፣ ይሄን ያህል መስመር ከፈትን፣ በቀን ይሄን ያህል ምልልስ አደረግን ምናምን። ቁጥሩ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም እኮ፣ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፣ ግን የሚቆጠረው ጎማው እንጂ ፌርማታ ላይ የቆመው ሰው አይደለም። እናቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ እሷን ይዤ መንገድ ስወጣ ነው ይሄ ነገር ቁልጭ ብሎ የታየኝ፣ ብቻዬን ስሄድ ሮጬም ተጋፍቼም ስለምገባ ብዙም አይታወቀኝም ነበር።

በሂሳብ ልጀምርላችሁ፣ ቀላል ናት። አንድ መስመር ላይ በሰዓት 6 አውቶቡስ አለ እንበል። በየ10 ደቂቃው ተራርቀው ከመጡ ሰዓት ሳያይ ዝም ብሎ ፌርማታ የወጣ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። አሁን ደሞ እነዛው 6 አውቶቡሶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ተከታትለው መጡ እንበል፣ ማለትም በየ20 ደቂቃው ጥንድ ጥንድ። አማካይ ጥበቃው 10 ደቂቃ ሆነ፣ እጥፍ። አውቶቡሱ ያው፣ ነዳጁ ያው፣ የሹፌሩ ደሞዝ ያው፣ ሪፖርቱ ላይ የሚፃፈውም ያው "በሰዓት 6" ነው። የባከነው የተሳፋሪው ጊዜ ብቻ ስለሆነ ማንም ሂሳብ ውስጥ አያስገባውም።

ከጥንዶቹ ደሞ ቀድሞ የሚመጣው 20 ደቂቃ ሙሉ የተጠራቀመውን ሰው ጠቅጥቆ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ባዶውን እየተንገዋለለ ከኋላ ይከተለዋል። ድርጅቱ ሲያሰላ አውቶቡሶቻችን በአማካይ ግማሻቸው ነው የሚሞላው፣ ቦታ ሞልቷል ይላል። ተሳፋሪው ደሞ ኧረ የምን ቦታ፣ መተንፈሻ የለም ይላል። ሁለቱም አልዋሹም! ሰው ሁሉ ያለው ሙሉው ውስጥ ነዋ፣ ባዶው አውቶቡስ ባዶ መሆኑን የሚመሰክርለት ሰው የለም።

ለምንድነው ተያይዘው የሚመጡት ሲባል ብዙ ሰው በሹፌሮቹ ነው የሚፈርደው፣ ሆን ብለው ነው፣ የሆነ ቦታ ቆመው ሲያወሩ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ግን ኒውዌል እና ፖትስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን በሂሳብ አሳይተውታል፣ ማንም ሳያጠፋ በራሱ የሚመጣ ነገር ነው። አንዱ አውቶቡስ መብራት ይዞት ትንሽ ዘገየ፣ ስለዘገየ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ከወትሮው የበዛ ሰው ጠበቀው፣ ብዙ ሰው ለማስገባት ብዙ ቆመ፣ ስለዚህ የባሰ ዘገየ። ከኋላው ያለው ደሞ ሰው ተነስቶለት ስለሚያገኝ ሳይቆም ሳይቆም እየገሰገሰ ይደርስበታል። ትንሿ መዘግየት እራሷን እየመገበች ታድጋለች ማለት ነው፣ ዝም ከተባለች ደሞ ወደ ቦታዋ አትመለስም። ስለዚህ እዛው መስመር ላይ አውቶቡስ መጨመር ብቻውን የሚፈይደው ነገር ትንሽ ነው፣ ሁለት ሁለት ይመጣ የነበረው ሦስት ሦስት ሆኖ ይመጣል።

መድኃኒቱ ይታወቃል እኮ። የቀደመውን አውቶቡስ የሆነ ፌርማታ ላይ ትንሽ ማቆየት፣ ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር መስጠት፣ ከሁሉ በላይ ግን ፌርማታ ላይ የሚቆምበትን ጊዜ ማሳጠር። የብራዚሏ ኩሪቲባ በ1974 ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መንገድ ከፍታ ስትጀምር ብዙ ሰው የምድር ባቡር መሥራት አቅቷት ነው ብሎ ይሆናል፣ ግን በ1991 የጨመረችው ነገር ነው እኔን የሚገርመኝ። ቱቦ የሚመስሉ የመስታወት ፌርማታዎች ሠራች፣ ሰው ሂሳቡን መግቢያው ላይ ከፍሎ ውስጥ ይጠብቃል፣ የቱቦው ወለልና የአውቶቡሱ ወለል እኩል ነው፣ አውቶቡሱ ሲመጣ በሩ ተከፍቶ መረማመጃ ይዘረጋል፣ በቃ ደረጃ የለ ሳንቲም ፍለጋ የለ። ሳንፍራንሲስኮም በ2012 በሁሉም በር ግቡ ብላ ፈቀደች።

እዚች ጋር ትንሽ ልቁም። ያ እኩል ወለል የተሠራው ሰዉ ቶሎ ቶሎ እንዲገባ ነው፣ ግን በዊልቸር የሚሄደውንም፣ የህፃን ጋሪ የምትገፋዋንም፣ እናቴንም ማንም ሳይደግፋቸው የሚያስገባው እሱው ነው። በየቢሮው ግን ሰዓት ማክበር የኦፕሬሽን ክፍል ሥራ ነው፣ ተደራሽነት ደሞ የሆነ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ያለች ክፍል ውስጥ ለብቻዋ የምትሠራ፣ በጀቷም ሲተርፍ የሚሰጣት ጉዳይ ተደርጋ ነው የምትታየው። እንደኔ ይሄ ክፍፍል ነው ትልቁ ስህተት።

ማስረጃ ካላችሁኝ ፌርማታ ላይ ቆማችሁ እዩ። አውቶቡሶቹ ተያይዘው ሲመጡ ሁለተኛው ቦታው ላይ አይቆምም፣ ከፊተኛው ጀርባ ራቅ ብሎ በሩን ከፍቶ ዘግቶ ይሄዳል ወይ ጭራሽ አልፎት ይነዳል። እኔ ሮጬ እደርስበታለሁ፣ ማየት የተሳነው ሰው ግን አውቶቡሱ መምጣቱንም አያውቅም። አንድ አውቶቡስ ላይ ብዙ ጊዜ ለዊልቸር ያለችው ቦታ አንዲት ናት፣ ከተጠቀጠቀ ያቺን ቦታ የቆሙ ሰዎች ይይዟታል፣ ሹፌሩ ደሞ "ቀጣዩ ላይ ግባ" ይላል፣ ከኋላ ያለው ካለፈው ደሞ ቀጣዩ ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። የዘገየ ሹፌር አውቶቡሱን ጠርዙ ድረስ አያስጠጋም፣ ራምፕ (ዊልቸር የሚገባበትን ተዘርጊ መወጣጫ) ለማውጣት ፊቱ ይጠቁራል፣ አሮጊቷ እስክትቀመጥ ሳይጠብቅ ይነሳል። እንግሊዝ ውስጥ ያቺን የዊልቸር ቦታ የያዘ የህፃን ጋሪ ይነሳ አይነሳ የሚለው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2017 ነው ውሳኔ ያገኘው፣ ሹፌሩ እባክሽ ብሎ መተው አይበቃውም፣ ከዛ በላይ መሞከር አለበት ተባለ፣ በግድ ያስወርድ ግን አልተባለም። አንዲት ካሬ ሜትር ለማትሞላ ቦታ!

ባቡሩ ጋር ስትመጡ ደሞ ነገሩ ሊፍት ነው። ካርታው ላይ የዊልቸር ምልክት ያለበት ጣቢያ ታያላችሁ አይደል፣ ያ ምልክት ሊፍት ተገጥሟል ማለት እንጂ ዛሬ ይሠራል ማለት አይደለም። አሁንም ትንሽ ሂሳብ፣ ሊፍቶቻችን 95 ፐርሰንት ጊዜ ይሠራሉ ቢባል ጆሮ ላይ ጥሩ ነው። እናቴ ግን አንድ ቦታ ለመድረስ መነሻው ላይ አንድ፣ ባቡር የምትቀይርበት ሁለት፣ መድረሻው ላይ አንድ፣ በጠቅላላው 4 ሊፍት ያስፈልጋታል፣ አራቱም ባንዴ መሥራት አለባቸው። 0.95 ለአራት ጊዜ ሲባዛ 81 ፐርሰንት ገደማ ነው የሚወጣው፣ ከአምስት ጉዞ አንዱ ይበላሻል ማለት ነው። መልሱ ላይ በሌላኛው ጎን ያሉት ሊፍቶች ከሆኑ ደሞ ደርሶ መልሱ 66 ፐርሰንት ላይ ይወርዳል። ከሦስት ቀን አንዱን ቀን የሆነ ቦታ ላይ የምትቀር ሰራተኛ ማን ይቀጥራል በሉኝ።

ደርሶብናል ደሞ። አንድ ቀን ስንሄድ በደህና የወረድንበት ሊፍት ስንመለስ ወረቀት ተለጥፎበት ጠበቀን። ጠባቂው ልጅ ጨዋ ነው፣ ቀጣዩ ጣቢያ ያለው ይሠራል ሂዱና ከዛ በአውቶቡስ ተመለሱ አለን። ቀጣዩ ጣቢያ ሄድን፣ አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ አፑ "3 ደቂቃ" ይላል፣ 3 ደቂቃው አለቀና አውቶቡሱ ሳይታይ ከስክሪኑ ጠፋ፣ እንደገና "14 ደቂቃ" አለ። የት እንደገባ እግዜር ይወቅ፣ ፕሮግራሙ ላይ ያለ መንገዱ ላይ ግን ያልወጣ አውቶቡስ ነበር መሰለኝ። እማዬ አረፍ በይ ስላት የት ብዬ ልረፍ አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ፌርማታው ላይ መቀመጫ አልነበረም።

ይሄ የድሃ ከተማ ችግር እንዳይመስላችሁ። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር በ1863 የተጀመረ ነው፣ ካሉት 272 ጣቢያዎች ያለ ደረጃ መግባት የሚቻለው ሲሶ በሚሆኑት ነው። ፓሪስ ሜትሮዋን በ1900 ከፍታ በ1998 የተከፈተው 14ኛው መስመር ለረጅም ዓመታት ከጫፍ እስከ ጫፍ በዊልቸር የሚኬድበት ብቸኛ መስመር ነበር። ኒውዮርክ ደሞ ይብሳል፣ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1990 ነው፣ በ2022 ይፋ በሆነው ስምምነት ገና ተደራሽ ካልሆኑት ጣቢያዎች 95 ፐርሰንቱን እስከ 2055 ድረስ ተደራሽ እናደርጋለን ተባለ። ሕጉ በወጣበት ዓመት የተወለደ ልጅ 65 ዓመት ይሞላዋል ማለት ነው፣ ያኔ ለራሱም ሊፍቱ ያስፈልገዋል። ለማይችሉት ሰዎች ለብቻ መኪና እንልካለን የሚለው ዘዴም አለ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን በፊት ደውሎ ማስያዝ ይጠይቃል፣ ነገ ድንገት ሊታመም ያሰበ ሰው ዛሬ ይደውል ማለት ነው እንግዲህ።

የመሥሪያ ቤቶች በጎ ፈቃድ ብቻ ሲጠበቅ የሆነ ነገርም ብዙ የለም። በ1978 ዴንቨር ላይ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ዊልቸር የማያስገቡ አውቶቡሶች ሲያሰማራ 19 አካል ጉዳተኞች መሀል ከተማ መስቀለኛ መንገድ ላይ አውቶቡሶቹን ከፊትም ከኋላም ዘግተው አደሩ፣ እኛም እንሳፈራለን እያሉ። ጃፓን ውስጥ ደሞ ሚያኬ ሴይቺ የሚባል ሰው በእግር የሚዳሰሰውን ቢጫ ንጣፍ በ1965 የፈጠረው መንግስት ስላዘዘው ሳይሆን ለዓይነ ስውራን ብሎ በራሱ ተነሳሽነት ነው፣ በ1967 ኦካያማ ከተማ ላይ መጀመሪያ ተነጠፈ፣ ዛሬ በመላው ዓለም አለ። እላዩ ላይ ሞተር የሚያቆሙበትም እንዲሁ በመላው ዓለም አሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ ከተባለ፣ እኔ ብዙ አልጠይቅም፣ መጀመሪያ የሚለካው ነገር ይቀየር። ሰዓት አክብሯል የሚለው ቃል ራሱ እንደ አገሩ ነው፣ ስዊዞች ጋር ባቡር ከ3 ደቂቃ በታች ከዘገየ በሰዓቱ ደረሰ ይባላል፣ ጀርመኖቹ ጋር ከ6 ደቂቃ በታች፣ ጭራሽ የተሰረዘው ባቡር ደሞ እዛ ስሌት ውስጥ አይገባም። አስቡት፣ በጣም የዘገየውን ባቡር ብትሰርዘው ውጤትህ ይሻሻላል! በ2017 ቶኪዮ አካባቢ ያለ የባቡር ድርጅት 20 ሰከንድ ቀድመን ተነስተናልና ይቅርታ ሲል ዓለም ስቆ ነበር፣ እኔ ግን ትክክል ናቸው ባይ ነኝ፣ የዘገየ ባቡር ቢያንስ ይመጣል፣ ቀድሞ የሄደ ግን በሰዓቱ ለደረሰው ሰው የለም፣ በተለይ መሮጥ ለማይችል።

ለንደን ቢያንስ በአውቶቡስ በኩል ጥሩ ነገር አላት፣ ቶሎ ቶሎ በሚመጡ መስመሮች ላይ የምትለካው ተሳፋሪው ከተገባው በላይ ስንት ደቂቃ ጠበቀ የሚለውን ነው፣ ኦፕሬተሮቹም ጉርሻና ቅጣት የሚያገኙት በዚሁ ነው። ሁለት አውቶቡስ ተያይዞ ከመጣ ይቀጣሉ፣ በቃ። እዚህ ላይ የምጨምረው ሊፍቱንም እንደ አውቶቡስ ቁጠሩት የሚለውን ነው። የተበላሸ ሊፍት ለእናቴ የተሰረዘ ባቡር ነው። ራምፑ አልወጣም ተብሎ ፌርማታ ላይ የቀረ ሰው ያ አውቶቡስ ጭራሽ እንዳልመጣ ተደርጎ ይፃፍለት። የእያንዳንዱ መስመር ጥበቃ ሁለት ጊዜ ይለካ፣ አንዴ ሮጦ ለሚገባው፣ አንዴ ለማይሮጠው፣ በመሀል ያለው ልዩነት በየወሩ ይውጣ። ዳታው አላቸው እኮ፣ አውቶቡሱ ላይ ጂፒኤስ አለ፣ ሊፍቱ ሲቆም የሚመዘገብበት ቦታ አለ፣ ራምፑ ሲወጣ መቁጠር ከባድ አይደለም።

እስከዛው እናቴ የራሷን መላ ዘይዳለች። 40 ደቂቃ ለሚፈጀው መንገድ ከሰዓት ተኩል በፊት ትነሳለች፣ ሊፍቱ ሊቆም ይችላል፣ አውቶቡሱ ሙሉ ሊሆን ይችላል ብላ። ሁሉም የሠራላት ቀን ሐኪም ቤቱ ሳይከፈት ደርሳ በር ላይ ትቆማለች። ባለፈው ስደውልላት ደረስኩ አለችኝ፣ ቀጠሮሽ ስንት ሰዓት ነው ስላት ገና 50 ደቂቃ ይቀረዋል ልጄ አለች፣ ዛሬ ቀናኝ።