ለእውነተኛ ደጋፊነት መዛኙ የቀረበ ማመልከቻ

ለተከበሩ የእውነተኛ ደጋፊነት መዛኝ፣ መርማሪና መዝጋቢ
ባሉበት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የደጋፊነት ማረጋገጫ እንዲሰጠኝ ስለማመልከት

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ አመልካች ለአንድ የእንግሊዝ እግር ኳስ ክለብ ያለኝ ድጋፍ በክቡርነትዎ ዘንድ እስካሁን እውቅና ስላላገኘ፣ ጉዳዬ በቅንነት ታይቶ አስፈላጊው ማረጋገጫ እንዲሰጠኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። የክለቡን ስም ያልጠቀስኩት ክለቡ በዚህ ነገር እጁ ስለሌለበት ነው፤ እንዲያውም የእርስዎንም ሆነ የእኔን በሕይወት መኖር የሚያውቅ አይመስለኝም።

በቅድሚያ የምርመራው ሥነ ሥርዓት እንዲታወስልኝ እፈልጋለሁ። በቴሌግራም ቡድናችን ውስጥ ስለ ዕለቱ አሰላለፍ ስጠይቅ፣ ክቡርነትዎ መጀመሪያ የመገለጫ ፎቶዬን ተመለከቱ፤ ቀጥሎም የድል አጥቢያ ደጋፊ አለመሆኔን ለማጣራት፣ ክለቡ ዋንጫ አጥቶ በቆየባቸው ዓመታት ሁለተኛ በረኛ የነበረውን ሰው ስም እንድናገር አዘዙኝ። ተናገርኩ። «ጎግል አድርገሽ ነው፣ እህት» የሚል መልስ ከሚስቁ ፊቶች ጋር መጣልኝ። በዚያው ምሽት የአሠልጣኛችንን ስም በሁለት ዓይነት አጻጻፍ፣ ሁለቱንም ጊዜ አሳስቶ የጻፈ አንድ ወንድም ግን «እንኳን ወደ ቤትህ መጣህ ብሮ» ተብሎ፣ የእሳት ምልክት ተበርክቶለት ያለ ምንም ፈተና ገባ። ምናልባት የእሱ የፈተና ወረቀት በሌላ ፋይል ተቀምጦ ይሆናል።

«ሴቶች ኳስ የጀመሩት አሁን ፋሽን ሲሆን ነው» የሚለውን ውሳኔዎን በተመለከተ ጥቂት ማስረጃ ላቅርብ። ክቡርነትዎ የመሥፈርት ሁሉ ምንጭ አድርገው በሚያዩዋት በእንግሊዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 በገና ማግስት ሊቨርፑል ከተማ፣ ጉዲሰን ፓርክ ስታዲየም ላይ የተደረገን የሴቶች ጨዋታ 53,000 ያህል ሰው ገብቶ አይቶታል፤ በዓመቱ የአገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም ብሎ በአባል ክለቦቹ ሜዳዎች እንዳይጫወቱ ከለከለ፣ ክልከላውም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጸና። በሩን ቆልፎ ቆይቶ «ለምን ዘገያችሁ?» ማለት እንግዲህ በእርስዎ አልተጀመረም። ስለ ኦፍሳይድ ደግሞ የሚያስረዳን ወንድ ቢጠፋ በኢንተርናሽናል ዳኝነቷ የምናውቃት ሊዲያ ታፈሰ አለችልን፤ በጥር 2013 ዓ.ም. ካሜሩን ባስተናገደችው ቻን በሚባለው፣ በየአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች በሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር የናሚቢያንና የታንዛኒያን የወንዶች ጨዋታ በዋና ዳኝነት ስትመራ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ የሁለተኛ በረኛ ስም የጠየቃት አልነበረም።

«ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ፣ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ያላየ ደጋፊ አይባልም» የሚለው አንቀጽ ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስጨንቀኛል። የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ በአብዛኛው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ፈረንጆቹ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 5 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ሲያልቅ እኩለ ሌሊት ሆኗል ወይም አልፏል። ክቡርነትዎ በዚያ ሰዓት እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ከትተው፣ ዳኛውን እየረገሙ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግርዎ ይመለሱ ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት በዚያው መንገድ ባልፍ፣ በማግስቱ የምጠየቀው «ስንት ለስንት ወጡ?» ተብዬ ሳይሆን «በዚያ ሌሊት ምን ልትሠሪ ወጣሽ?» ተብዬ ነው። ስለዚህ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኜ፣ ድምፁን አጥፍቼ፣ ፓኬጄ እስኪያልቅ ድረስ በስልኬ እከታተላለሁ፤ ጎል ሲገባም ቤተሰብ እንዳይነቃ ትራሱን ነክሼ እጮሃለሁ። የዲኤስቲቪ ቤቱ መግቢያ ለሁላችንም አንድ ዋጋ ነው፤ መመለሻው ግን አንድ ዋጋ አይደለም። ይህን ልዩነት በመመዘኛዎ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ደግነቱ አንቀጹ ሊሻሻል እንደሚችል አይተናል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ሰፈርዎ ዶሮ ማነቂያም አብራ ሄደች፤ ክቡርነትዎም እንደ ብዙው የሰፈሩ ሰው ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ። በዚህ አልቀልድም፤ ጎረቤት የተበተነበት ሰው ሐዘኑ ይገባኛል። የሚገርመኝ «በስልክ የሚያይ ደጋፊ አይደለም» የሚለው ሕግ በዚያው ሰሞን ያለ ምንም ማስታወቂያ መሰረዙ፣ «አራዳ ያላደገ ኳስ አይገባውም» የሚለው ግን እንደጸና መቅረቱ ነው። ለካስ ርቀት ጉድለት የሚሆነው ከሻሸመኔና ከደብረ ብርሃን ለሚጽፉት ብቻ ኖሯል።

ስለ እኩልነት ያለዎትን አቋም ደግሞ አባላቱ ሁሉ ያውቃሉ፤ «እዚህ ብሔር የለም፣ ጾታ የለም፣ ያለው ክለቡ ብቻ ነው» የሚለው ጽሑፍዎ ከቡድኑ አናት ላይ ፒን ተደርጎ ይታያል። ከጅማ የሚጽፍ አንድ ልጅ ከጎል በኋላ ደስታውን በአንድ መስመር አፋን ኦሮሞ ሲገልጽ ግን «ፖለቲካ አታምጡብን» ተብሎ መልእክቱ ተሰረዘበት። ከዚያ መልእክት በላይና በታች የነበሩት፣ ከየትም ተገልብጠው የተለጠፉት ረጃጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፎች እስከ ዛሬ አሉ፤ እንግሊዝኛ ፖለቲካ የለበትም መሰለኝ። በራስዎ መገለጫ ላይ የሰቀሉት ፎቶ ደግሞ በ1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያስቀረው ብሔራዊ ቡድናችን ነው። የዚያ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ አሥመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በዚያ ፍጻሜ እሱም ወንድሙ ኢታሎም ጎል አግብተዋል። ፎቶው ከመሰቀሉ በፊት በእርስዎ መሥፈርት ተጣርቶ ቢሆን ኖሮ ዋንጫው ብቻውን ቆሞ ይቀር ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሰነድ አያይዣለሁ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች የነበሩበት፣ የአሥራ ሁለት ታላላቅ የአውሮፓ ክለቦች የግል ውድድር፣ ሱፐር ሊግ፣ ታውጆ በቀናት ውስጥ ሲፈርስ፣ ከክለባችን ስታዲየም አጠገብ የተወለደ አንድ እንግሊዛዊ ጥፋቱን በእኛ አሳብቦ፣ «እናንተ የቴሌቪዥን ደጋፊዎች፣ ትኬት ቆርጣችሁ ዝናብ ሳይመታችሁ ክለባችን አትበሉ» ብሎ ጻፈልዎ። እኔ በበኩሌ ክቡርነትዎን እንደዚያ ሌሊት አክብሬዎት አላውቅም። ፍቅር በሰፈር እንደማይለካ፣ ስታዲየሙ ጎን መወለድ ዕድል እንጂ ሙያ እንዳልሆነ፣ ለቪዛና ለትኬት አቅም ያነሰው ሰው ልቡ አነሰ እንደማይባል፣ ቀድሞ የገባ ሰው በረኛ ሆኖ እንዳልተሾመ በዝርዝር አስረዱት። በሐምሌ ወር ደግሞ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ፍጹም ቅጣት ምት የሳቱት የእንግሊዝ ጥቁር ተጫዋቾች ራሽፎርድ፣ ሳንቾና ሳካ የዘረኝነት ስድብ ሲወርድባቸው፣ «ስናሸንፍ የእናንተ፣ ስንሸነፍ የባዕድ» ብለው ተሳዳቢዎቹን እንደገና ገሠጹ። ሁለቱንም ጽሑፎችዎን አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አቅርቤአለሁ፤ መከራከሪያዬ እነሱ ናቸው፣ ሌላ የለኝም።

ማመልከቻዬ ተቀባይነት ካላገኘ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። በድምፅ መልእክት ባይሆን እመርጣለሁ፤ ያለፈው ማብራሪያዎ የሦስት ቀን ፓኬጄን በልቶታልና።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች፣ በመዝገብዎ «እህት» በሚል ስም ብቻ የተመዘገበችው

ግልባጭ፦
አንብበው ዝም ለሚሉ የቡድኑ አባላት በሙሉ