«እጢ ነው» ብሎ መላክ አይበቃም

ባለፈው ክረምት አዘዞ ያለ አንድ ዘመዴ የሰባት ዓመት ልጁን ሆዱን አሞት ክሊኒክ ወሰደው። አልትራሳውንድ ተነሳ። አባት ይዞ የወጣው አንድ ቃል ነው፦ «እጢ»። እዚህ ጎንደር እጢ ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው ካንሰር ነው። እናትየው እህል አልቀምስ አለች። አባትየው በሬ ሸጦ አዲስ አበባ ሊሄድ ተነሳ።

ሆስፒታል ሲሄዱ ሌላ ሐኪም ረጋ ብሎ አየው። ጉበት ላይ ነው የተባለው ነገር ጉበት ላይ አልነበረም። ድያፍራም ላይ የተጣበቀች፣ ውሃ የቋጠረች ትንሽ ከረጢት ናት። ድያፍራም ደረትን ከሆድ የሚለየው፣ ስንተነፍስ ከፍ ዝቅ የሚለው ስስ ጡንቻ ነው። እዚያ ላይ ከረጢት መገኘቱ ብርቅ ነው። ልጆች ላይ ሲገኝ ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ከጉበት ጋር ተጠግቶ ነው። የጉበት የሚመስለውም ለዚህ ነው። መሀሉ ጠበብ ብሎ ሁለት ጉብታ ያለው መምሰሉ ለለመደ ዓይን ፍንጭ ይሰጣል።

ካንሰር አይደለም። ከልደት ጀምሮ አብሮ ሊኖር የሚችል፣ ብዙ ጊዜ ለሌላ ሕመም ሲመረመሩ በአጋጣሚ የሚታይ ነገር ነው። ምልክት ከሌለው ሕክምናው በየጊዜው በአልትራሳውንድ እየለኩ መጠበቅ ነው። በራሱ የሚያንስም አለ። ካደገ፣ ካመመ፣ ትንፋሽ ካጨናነቀ ወይም ምንነቱ አልለይ ካለ ያን ጊዜ ኦፕራሲዮን ይታሰባል።

እኛ ጋ ግን አንድ ጥያቄ መዘለል የለበትም። ቤት ውስጥ ውሻ አለ ወይ? ለበዓል በግ አርደን ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ስናገኝ ለውሻ እንጥላለን። ውሻው ትሉን ከዚያ ይወስዳል። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይገባል። ሃይዳቲድ የሚባለው ከረጢት የሚመጣው እንዲህ ነው። በብዛት ጉበትና ሳንባ ላይ ይወጣል፣ አልፎ አልፎ ድያፍራምም ላይ። እሱን ሳይለዩ በመርፌ መውጋት አደጋ አለው። ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስነሳ፣ በሽታውንም ሊዘራ ይችላል። ሕክምናውም ሌላ ነው፤ አልቤንዳዞል የሚባለው መድኃኒት አለበት።

እኔን ያናደደኝ የመጀመሪያዋ ወረቀት ናት። ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ አልተጻፈባትም። የት ላይ እንደሆነም በቅጡ አልተጻፈም። የዛሬው ልክ ሳይታወቅ ነገ አደገ ወይስ አነሰ ማን ይላል? ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። የምጠይቀው አዲስ ማሽን አይደለም። ልኩና ቦታው ይጻፍ። ለወላጅ ደግሞ በአማርኛ፣ ቁጭ ተብሎ፣ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ይነገረው። አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ያቺ አምስት ደቂቃ ግን በሬውን ከገበያ ትመልሳለች።

የልጁ ቀጣይ ቀጠሮ ከጥምቀት በኋላ ነው። አባቱ ልኩ የተጻፈባትን ሁለተኛዋን ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ ከመታወቂያው ጋር አስቀምጧታል።