ሐሙስ የምንደበድበው፣ ዓርብ የምንገዛው

የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ እንዴት እንደሚጨናነቅ የጅማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከማና፣ ከቀርሳ፣ ከሰቃ የመጣው ገበሬ ያመጣውን ሸጦ ገንዘቡን ቋጥሮ ይዞራል፤ ኪስ አውላቂውም ይህን ያውቃል። አንድ ሐሙስ እዚያው አጠገብ አንዱ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልነግራችሁ አያስፈልገኝም፤ አይታችሁት ታውቃላችሁ። መሬት ላይ የወደቀው ልጅ ተሸካሚ ነበር። ይሮጥ የነበረው ዕቃ ያሸከሙት ሴትዮ አንዱን ከረጢት ረስተው በባጃጅ ስለሄዱ ሊደርስባቸው ነው። ስልክ ነጣቂው በአዌቱ በኩል አቋርጦ ከሄደ ቆይቷል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እኔም ቆሜ አይቻለሁ። «በሕግ አምላክ!» የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም፤ አንገቴን ደፍቼ ቤቴ ገባሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በአባቶቻችን ጊዜ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እጁን ይሰበስብ ነበር። መንገደኛው ዳኛ ይሆናል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ያለ አንድ ጠባቂ፣ በቁራኛ ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። ዛሬ ሕጉ ተጽፎ፣ የፖሊስ ጣቢያው በእግር መንገድ ላይ እያለ፣ እኛ በድንጋይ እንጨርሰዋለን። ስሙንም «የደቦ ፍርድ» አልነው። ደቦ እኮ ጎረቤታችን አጫጅ ሲያጣ ማጭድ ይዘን የምንወጣበት ነው! የትኛውን ስም ለየትኛው ሥራ እንደሰጠን አስቡት።

እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንም ዜጋ ይዞ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል። ይህን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ፈቅዶልናል፤ የፈቀደልን ግን እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። «ሁሉም ሲመታ እኔ አንዴ ብቻ ነው የመታሁት» የሚል መልስ ፍርድ ቤት አያድናችሁም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ለተራ ስርቆት የሚያስቀጣው ቢበዛ እስከ 5 ዓመት ነው። ሆን ብሎ ሰው መግደል ደግሞ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት አለው። የሌባው ቅጣት በሚያበቃበት የገዳዩ ይጀምራል።

«ፖሊስ ጠዋት ይይዘዋል፣ ማታ ይለቀዋል» ትሉኛላችሁ። ጉቦ የሚበላ የለም አልልም። ነገር ግን የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ ነው ያለው። ዳኛው ማስረጃ ይጠይቃል። ምስክሩ የት አለ? ድንጋይ ሲወረወር መቶ ሰው ነበር፤ ቃል ስጡ ሲባል መቶውም «ሥራ ላይ ነበርኩ» ይላል። ባለ ስልኩ ራሱ ሁለት ቀጠሮ ይመጣና በሦስተኛው ይቀራል። ዐቃቤ ሕግ በባዶ እጁ ምን ያድርግ? «ነገ ተፈትቶ ቢመጣብኝስ» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ይፈራል። ለዚህም የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እስቲ ብቻችሁን ፈርታችሁ ከሆነ ሦስት አራት ሆናችሁ ሂዱ። ለድብደባ ስንጠራራ ማን ጠርቶን ነው?

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ። ሐሙስ የተነጠቀ ስልክ ዓርብ ወዴት ይሄዳል? ወደ እኛ። ካርቶን የለው፣ ደረሰኝ የለው፣ ዋጋው ግማሽ፤ «የወንድሜ ነው፣ ቸግሮት ነው» ይላል ሻጩ፣ እናንተም ያመናችሁ መስላችሁ ትከፍላላችሁ። የቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ገበሬው ዓመት ሙሉ የደከመበትን እሸት ቡና ሌሊት ከዛፉ ላይ ይቀጥፉበታል፤ ሳይበስል ቶሎ የሚለቅመው ለዚህ ነው፣ ጥራቱም እዚያው ይበላሻል። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሲመሽ ግማሽ ጆንያ እሸት ይዞ ሲመጣ፣ የአባቱ ማሳ የት እንደሆነ የማይጠይቅ ገዢ ምን ይባላል? የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 682 የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ የገዛውንና የደበቀውን ወንጀለኛ ይለዋል። «ማወቅ ሲገባው» የምትለዋን ደጋግማችሁ አንብቡ። ገዢ ባይኖር ያ ልጅ ሌሊት ከሰው ማሳ ምን ያደርግ ነበር?

ሥራ ማጣት አለ፤ ከገጠር መጥቶ መናኸሪያ አካባቢ የሚያድር ልጅ አለ፤ የጫት ዕዳ አለ። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ሆኖም ድህነትን ብቻ አታሳቡብኝ። ይህች ከተማ በድሃ የተሞላች ናት፤ አብዛኛው ድሃ ግን ላቡን አፍስሶ ነው የሚያድረው፣ የሚሰረቀውም እሱ ነው።

ሽማግሌዎቻችን ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ጃርሱማ፣ የኦሮሞ የሽማግሌ እርቅ፣ የምንኮራበት ነው፤ ክልሉም በ2013 ዓ.ም. ለባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ እውቅና ሰጥቷል። የድንበር ጠብ አስታርቁ፣ የጠፋ ፍየል አስከፍሉ። ልጅ የደፈረን ሰው ግን በብርና በይቅርታ ከፖሊስ አትሸሽጉት። የልጅቷን አባት ጭንቅ ተጠቅማችሁ ያስፈረማችሁት ወረቀት እርቅ አይባልም።

ያ ተሸካሚ ልጅ ዛሬም ሂርማታ አለ። ግራ እጁ እንደ በፊቱ አይታዘዘውም፤ ጆንያ የሚሸከመው በቀኝ ትከሻው ነው። ከመቱት ሰዎች አንዳንዶቹን በመልክ ያውቃቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ ዕቃቸውን ይሸከምላቸዋል።