ፓምፑስ ነበረ

ባሕር መሐል የቆመ የነዳጅ ማውጫ መድረክ እሳት ማጥፊያ ውኃ አጥቶ ተቃጠለ ሲባል ቀልድ ይመስላል። ዙሪያው ውኃ፣ ሥሩ ውኃ። ምን ቸገረው? የነዳጅ ቃጠሎ ዜና በመጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሳል። መልሱም ወዲያው ይከተላል፤ «መሣሪያው ኋላ ቀር ይሆናላ!»

እኔ በዚህ አልስማማም። በባሕር ላይ የደረሱትን ትልልቅ ቃጠሎዎች መለስ ብሎ ላየ፣ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ በቦታው ነበር። ተገዝቷል፣ ተገጥሟል፣ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። እሳቱ በመጣባት ሰዓት ግን አልተነሳም። ያልተነሳበትም ምክንያት ሲጣራ፣ አንድ ሰው ከዚያ በፊት ረጋ ብሎ፣ ያውም በበጎ ሐሳብ፣ የወሰነው ውሳኔ ሆኖ ይገኛል።

ፓይፐር አልፋን እንውሰድ። በሰሜን ባሕር፣ ከስኮትላንዷ አበርዲን ከተማ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የቆመ መድረክ ነበር። የሚያስተዳድረው ኦክሲደንታል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ፈነዳ። 167 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ ሁለቱ ሌሎችን ለማዳን በትንሽ ጀልባ የመጡ ነበሩ። በሕይወት የተረፉት 61 ብቻ ናቸው። እስከ ዛሬ በባሕር ላይ ነዳጅ ሥራ ይህን ያህል ሰው የገደለ ሌላ አደጋ የለም።

የፍንዳታው መነሻ ብዙ ተጽፎበታል። ፈሳሽ ጋዝ ከሚገፉት ሁለት ፓምፖች አንዱ ለጥገና ቆሞ ነበር። የግፊት መከላከያ ቫልቩ ተፈትቶ ተወስዷል፤ ቀዳዳው በብረት ክዳን ተደፍኗል፤ ክዳኑ ግን ጠብቆ አልታሰረም። ሁለተኛው ፓምፕ በድንገት ሲቆም የማታው ፈረቃ የመጀመሪያውን አስነሳ። ቫልቩ እንደሌለ አያውቁም። የፓምፑ የሥራ ፈቃድ ወረቀትና የቫልቩ ወረቀት ለየብቻ ነበሩና የቫልቩን ያየ አልነበረም። ጋዙ አፈተለከ፣ ነደደ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መድረኩ ላይ የባሕር ውኃ ስበው የሚረጩ የእሳት ፓምፖች ነበሩ። መብራት ቢጠፋም እንዲሠሩ ተብለው የተገጠሙ ባለ ናፍጣ ሞተር ፓምፖችም ነበሩ። እሳት ሲነሳ ራሳቸው መነሳት ነበረባቸው። አልተነሱም። ማብሪያቸው ከአውቶማቲክ ወደ እጅ ዞሮ ነበር። ሰው ሄዶ ካላስነሳቸው አይነሱም ማለት ነው።

ለምን ዞረ? ጠላቂዎች ውኃ ውስጥ ይሠሩ ስለነበር። ፓምፑ ውኃ የሚስብበት አፍ ከባሕሩ ወለል በታች በግምት 40 ሜትር ላይ ነው። በአጠገቡ ጠላቂ እያለ ፓምፑ በድንገት ቢነሳ ሰውየውን ስቦ ሊያጣብቀው ይችላል። ይህ የፈጠራ ስጋት አይደለም። ማብሪያውን የሚያዞረው ኃላፊ «የሰው ሕይወት ላድን» ብሎ ነው የሚያዞረው።

ነገር ግን ፓምፖቹ ውኃ የሚስቡበት አፍ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነበር። ጠላቂው አደጋ ላይ የሚወድቀውም ከአፉ ከ3 እስከ 5 ሜትር ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። ፓይፐር ላይ ግን ጠላቂ ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ የትም ይሁን የት፣ ፓምፖቹ በእጅ ላይ ይደረጉ ነበር። ጎረቤቱ ክሌይሞር መድረክ ላይ አሠራሩ ሌላ ነው፤ ጠላቂው ወደ መሳቢያው አፍ ካልተጠጋ ፓምፑ በአውቶማቲክ ይቆያል። የፓይፐርም አሠራር እንዲሁ ይሁን የሚል ምክር ከአደጋው በፊት በተደረገ ኦዲት ቀርቦ ነበር። ተግባር ላይ አልዋለም።

ያን ምሽት ሁለት ሰዎች መከላከያ ልብስ ለብሰው ፓምፖቹን በእጅ ለማስነሳት በጭሱ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላ ያያቸው የለም።

ይህን ታሪክ ሰው ሲያወራው «የሰው ስህተት» ብሎ ያልፈዋል። ስንፍና ነው የምለው እኔ። ስህተት ማለት እጅ ሲያመልጥ ነው። ይህ ግን ከምሽት ምሽት የሚደጋገም፣ ሁሉም የሚያውቀው አሠራር ነበር። አደጋው የመጣው በአንድ ምሽት ቢሆንም፣ መድረኩ ያለ እሳት መከላከያ ያደረባቸው ምሽቶች ብዙ ናቸው። ምንም ስላልተፈጠረ ማንም አልቆጠራቸውም።

ፓምፖቹ ተነስተው ቢሆን ኖሮስ መድረኩ ይተርፍ ነበር? እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ሰው ካለ አትመኑት። ፍንዳታው ራሱ ብዙ ነገር ሰባብሯል። ግድግዳዎቹ እሳት እንዲችሉ እንጂ ፍንዳታ እንዲችሉ አልተሠሩም፤ መድረኩ መጀመሪያ የታሰበው ለድፍድፍ ዘይት ነበርና፣ የጋዙ ሥራ በኋላ የተጨመረ ነው። ውኃው የሚወርድባቸው መርጫዎችም ቢሆኑ በዝገትና በጨው የመደፈን ችግር ነበረባቸው። ይህም በአደጋው ዋዜማ የተገኘ ነገር አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ፓምፑ ቢነሳም ውኃው በሙሉ በሚፈለገው ቦታ ላይወርድ ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ውኃው ሥራ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የጋዝ እሳት በውኃ አይጠፋም። እንዲያውም ጋዙ ሳይዘጋ እሳቱን ብቻ ማጥፋት አደገኛ ነው። ሳይቃጠል የሚወጣው ጋዝ ይጠራቀምና ትንሽ ብልጭታ ሲያገኝ ይፈነዳል። ጋዙን የሚያቆመው ቫልቭ ነው። የውኃው ሥራ ብረቱን ማቀዝቀዝ ነው። የነዳጅ እሳት በደቂቃዎች ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ብረት ደግሞ 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በኖርዌይ መመዘኛ መሠረት ጋዝና ዘይት በሚለይበት ክፍል ላይ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በደቂቃ 10 ሊትር ውኃ መውረድ አለበት፤ ጉድጓዶቹ ባሉበት ደግሞ 20 ሊትር። ዓላማው ጊዜ መግዛት ነው። ሰው እንዲያመልጥ፣ ቫልቭ እንዲዘጋ፣ ቧንቧው እንዳይቀደድ።

ፓይፐር ላይ ግን ይህን ጊዜ የሚገዛ ውኃ አልተገኘም። ከመጀመሪያው ፍንዳታ 20 ደቂቃ በኋላ ከታርታን መድረክ የሚመጣው ትልቅ የጋዝ ቧንቧ በሙቀቱ ተቀደደ። ከዚያ 30 ደቂቃ ቆይቶ ሌላው ተከተለ። ጎረቤቶቹ ታርታንና ክሌይሞር ፓይፐር እየነደደ ማምረታቸውን አላቆሙም ነበር። ሠራተኞቹ መኖሪያ ክፍሉ ውስጥ ተሰብስበው ሄሊኮፕተር ይጠብቃሉ፤ ሄሊኮፕተር ግን በጭሱ ምክንያት ማረፍ አልቻለም። አብዛኞቹን የገደላቸው እሳቱ አይደለም፣ ጭሱ ነው። ከተረፉት ብዙዎቹ መጠበቁን ትተው በገመድ የወረዱ ወይም ወደ ባሕሩ የዘለሉ ናቸው። አንዳንዱ ከ50 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው የዘለለው።

የሚገርመው፣ ታሮስ የተባለ እሳት ለማጥፋት ጭምር የተሠራ ግዙፍ መርከብ በዚያ ምሽት እዚያው አጠገብ ነበር። የውኃ መድፍ አለው፣ ሆስፒታል አለው። ውኃ መርጨቱንም ረጨ። ሁለተኛው ቧንቧ ሲቀደድ ግን ከሙቀቱ ለማምለጥ ራሱ ማፈግፈግ ግድ ሆነበት። በዚህ ሁሉ መሐል ሰው ስለ መሣሪያ ብዛት ሲያወራ ስሰማ ታሮስ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ዳኛ ሎርድ ከለን ምርመራውን መርተው በ1990 ሪፖርታቸውን አወጡ። 106 ምክሮች ነበሩት፤ ሁሉም ተቀባይነት አገኙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሊባል ይችላል፤ ግን ይህኛው ጩኸት ፍሬ ነበረው። ቁጥጥሩ ምርትን ከሚያበረታታው የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ወጥቶ ለሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው ተሰጠ። ኩባንያዎችም ከዚያ ወዲህ «ደንቡ ያዘዘውን ገጥሜአለሁ» ማለት ብቻ አይበቃቸውም። መድረካቸው ላይ ምን ሊነድ እንደሚችልና እንዴት እንደሚያመልጡ ራሳቸው በጽሑፍ ማስረዳት አለባቸው። ጥሩ ለውጥ ነው። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ግን የለም።

ለውጡ ልማዱን ነቅሎታል ወይ? ዲፕዎተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2010 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሲፈነዳ 11 ሰዎች ሞቱ። በምርመራው ላይ የመድረኩ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻኖች ኃላፊ ቀርቦ መሰከረ። ጋዝ ሲታወቅ በመላው መድረክ መጮህ የነበረበት አላርም በራሱ እንዳይጮኽ ተደርጎ ነበር አለ። ምክንያቱ? በውሸት ማንቂያ ሰው ከሌሊት እንቅልፉ እንዳይቀሰቀስ። ጋዙ እንደተቀጣጠለ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ጠፋ፤ ተጠባባቂው ጄኔሬተርም አልነሳ አለ። የእሳት ፓምፖቹም ኃይል አጡ። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በሌላ ባሕር፣ በሌላ ኩባንያ፣ እዚያው ነን። ያኔ ሰበቡ የጠላቂው ደኅንነት ነበር፤ አሁን የሠራተኛው እንቅልፍ። ሁለቱም ሰብአዊ ናቸው። ለዚህም ነው የሚያሰጉት፤ ክፉ ሰው መሣሪያ ቢያጠፋ ቶሎ ይነቃበታል፣ አሳቢ ሰው ሲያጠፋው ግን ማን ይጠይቀዋል?

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። መሣሪያን ከአውቶማቲክ ማውጣት የፈረቃ ኃላፊ በቃል የሚያዘው ነገር መሆን የለበትም። ልክ ጋዝ ቧንቧ እንደመፍታት ፈቃድ ይጠየቅበት፣ ሰዓት ይቆረጥለት፣ ሰዓቱ ሲያልፍ አላርም ይጩህ። ፓምፑ በእጅ ላይ ከሆነ አጠገቡ ሰው ይቁም። አራት ፓምፕ ካለ ጠላቂው አጠገቡ ያለው አንዱ ብቻ ይዘጋ። በዓመት ውስጥ ስንት ሰዓት ከአገልግሎት ውጭ እንደነበረም ኩባንያው ለሕዝብ ያሳውቅ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ወረቀት አይየው፤ «አስነሱት» ይበል፤ ውኃው የት ድረስ እንደሚደርስ ቆሞ ይመልከት። ያኔ የተደፈነው መርጫም ይጋለጣል።

«ይህ ሥራ ያጓትታል፣ ወጪ ያበዛል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ያጓትታል። ጠላቂ በሚሠራበት ሰዓት ሁሉ ፓምፕ አጠገብ ሰው ማቆም ደመወዝ ይጠይቃል። ግን ይህን ወጪ መክፈል የማይችል መድረክ ጠላቂዎቹን ወደ ውኃ ሳያስገባ ምርቱን ያቁም ባይ ነኝ። ከዚህ ያነሰ ነገር ጠላቂውን አድኖ ሁለት መቶ ሰው መያዣ ማድረግ ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነውን ባሕር ብንመለከት፣ ነዳጅ ማውጫ መድረክ ባይሆንም ዘመዱ የሆነ ነገር አለ። ሴፈር የተባለችው የነዳጅ ማከማቻ መርከብ በየመን ራስ ኢሳ፣ ቀይ ባሕር ላይ፣ ከ1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ይዛ ዓመታት ቆማ ነበር። እንዲህ ያለ መርከብ ዋና የእሳት መከላከያው ውኃ አይደለም። ታንኩ ውስጥ ከዘይቱ በላይ ኦክስጅን የሌለው ጋዝ ይሞላል፤ ከዘይቱ የሚተነው ጋዝ እንዳይፈነዳ። ሴፈር ይህ መሣሪያ ነበራት። ከጦርነቱ ወዲህ ግን ይህ ጋዝ የሚገኝባቸውን ማሞቂያዎቿን የሚያስነሳ ነዳጅ ጠፋና መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2017 ቆመ። ሚሊዮን በርሜል ዘይት ተሸክማ ለማሽኗ ነዳጅ አጣች! ዘይቱ ቢፈስ ኤርትራና ጅቡቲ ድረስ ሊደርስ እንደሚችል የተባበሩት መንግሥታት ደጋግሞ አስጠንቅቋል። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ እንደሚያልፍ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

እንደ ዕድል ሆኖ አልፈነዳችም። እ.ኤ.አ. በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ገንዘብ አሰባስቦ ዘይቱን «የመን» ወደተባለች ሌላ መርከብ አስገለበጠ። ከመገልበጡ በፊት ባለሙያዎቹ ቀድመው ታንኮቹን በዚያው ጋዝ መሙላት ነበረባቸው። ዓለም በዚያ ነሐሴ አጨበጨበና ወደ ሌላ ዜና ሄደ። ዘይቱ ግን ከዚያ አልሄደም፤ መርከብ ነው የቀየረው። አዲሷ መርከብም ጥገና፣ ነዳጅና ሠራተኛ ትፈልጋለች። ጅቡቲም ሆነች አዲስ አበባ የጋዝ መሣሪያዋና የእሳት ፓምፖቿ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሹት መቼ እንደሆነ በደብዳቤ የመጠየቅ ሙሉ ምክንያት አላቸው። መልሱም በየዓመቱ መምጣት አለበት፣ ፊርማና ቀን ያለበት።