ልጆች ሲሟገቱ ዳኛ ለመሆን አንቸኩል

ድሬዳዋ ላይ ልጆች ወደ ደጅ የሚወጡት የፀሐይዋ ጉልበት ሲበርድ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ከዚራ እኛ ሰፈር፣ አንድ ቀን አራት ልጆች ከዛፍ ጥላ ሥር ብይ ይጫወቱ ነበር። ትልቁ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትንሿ አራት ብትሞላ ነው። አንድ ባጃጅ ጥግ ይዞ ሲያልፍ ጎማው የአንዱን ብይ ገፋና ወደ ጉድጓዱ አስጠጋት። ሙግቱ እዚያው ተነሣ።

«በቃ፣ ባለችበት ትሁን» አለ የብይዋ ባለቤት።

«ራሷ አልሄደችም እኮ! ባጃጁ ነው የወሰዳት» አለ ሁለተኛው።

ሦስተኛው ትንሽ አሰበና «ትናንት የእኔን ውሻው ሲወስዳት መልሰናት የለ?» ሲል ጠየቀ። ነገሩ ለትንሿ እንዳልገባት ያየው ሁለተኛው ልጅ ዞር ብሎ በኦሮምኛ ደገመላት። እኔም ይህን ጊዜ ገባሁና «አትጨቃጨቁ፣ መልሷት!» አልኳቸው። መለሷት። ጨዋታው ግን ከዚያ ወዲያ አልሞቀም፤ ጥቂት ቆይተው ተበተኑ።

ያን ምሽት ያቋረጥኩት ነገር ምን እንደነበር ሳስብ አመሸሁ። አንዱ ልጅ ምክንያት አቅርቧል። ሌላው የትናንቱን ውሳኔ ለዛሬው ማስረጃ አድርጎ ጠቅሷል። አባቶቻችን ከዛፍ ሥር ቆመው «በላ ልበልሃ» እያሉ ሲሟገቱ ያደርጉት የነበረው ይኸንኑ ነው። ፍርዴ ትክክል ይሁን እንጂ የእነርሱ አልነበረም፤ ሊደርሱበት ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ከእጃቸው ነጠቅሁት።

የልጆችን አስተሳሰብ በማጥናት የሚታወቀው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤም ብይ ከሚጫወቱ ልጆች ጋር ተቀምጦ ስለ ጨዋታው ሕግ ይጠይቃቸው ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው እንደገለጸው፣ ትንንሾቹ ሕጉን ከትልልቅ ሰዎች የመጣና የማይነካ አድርገው ያዩታል፤ አሥር ዓመት የዘለሉት ግን «ሁላችንም ከተስማማን ይለወጣል» ወደሚል ሐሳብ ይደርሳሉ። ለዚህ ለውጥ ትልቁን ድርሻ የሰጠው እኩዮች እርስ በርስ ለሚያደርጉት ንግግር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «ስላልኩህ!» የሚለው ቃል በእኩያ ላይ አይሠራም።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በምክንያት የመነጋገር ችሎታው ፒያዤ ካሰበው ቀደም ብሎ እንደሚጀምር አሳይተዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ባሃር ኮይመን፣ ማይክል ቶማሴሎና ባልደረቦቻቸው የሦስትና የአምስት ዓመት ልጆችን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ በአሻንጉሊት የአራዊት ማቆያ ውስጥ ምን የት እንደሚቀመጥ በጋራ እንዲወስኑ አደረጉ። ነገሩ የተለመደ ሲሆን ልጆቹ ብዙ ሳያስረዱ ይግባባሉ፤ እንግዳ ነገር ሲገጥማቸው ግን ምክንያታቸውን ዘርዝረው ይናገራሉ። ባልንጀራቸው ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ ይመዝናሉ ማለት ነው። በአምስትና በሰባት ዓመት ልጆች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ልጆች እንዲተባበሩ ሲደረግ ለሁለቱም ወገን የሚሆን ምክንያት ያነሣሉ፤ እንዲፎካከሩ ሲደረግ ግን ወደ ራሳቸው ወገን ያደላሉ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ያሳስበኛል። እኛ ገና ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ «ማነው ቀድሞ የሚመልስ?» እያልን፣ ደረጃ እያወጣን፣ እያስጨበጨብን እናሳድጋቸዋለን። ኦ ክፍል ውስጥ ለብዙ ልጆች ጥቂት የቀለም እርሳስ ሲደርስ መምህሯ አከፋፍላ ትጨርሳለች። «እንዴት ብንካፈል ይሻላል? ለምን?» ብላ አሥር ደቂቃ ብትሰጣቸው ያን ቀን ከሚማሩት ፊደል ያላነሰ ትምህርት ያገኙ ነበር። የክፍሉ መጨናነቅና የመምህሯ ድካም ይገባኛል፤ ቢሆንም በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ይቻላል።

ድሬዳዋ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ናት። በአንድ ግቢ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይነገራል፤ ሐረሪኛ የሚናገር ጎረቤትም አይጠፋም። ምክንያቱን በሌላ ቋንቋ የሚደግም ልጅ ቃል ብቻ አይደለም የሚለውጠው፤ ነገሩ በጓደኛው ዓይን ምን እንደሚመስልም ማሰብ አለበት። ይህን በክፍያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አላውቅም።

ቡጢ ሲነሣ ዝም ብለን እንይ አላልኩም። ጉልበተኛው ትንሹን አፍኖ ሲወስንም ትልቅ ሰው መግባት አለበት፤ ሲገባ ግን «እርሷስ ምን ትላለች?» ብሎ ይጠይቅ እንጂ ፍርድ ይዞ አይምጣ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት የምንጠቅሰው ሊጡን ራሳችን ከልጁ እጅ ከነጠቅን በኋላ መሆኑ ያናድደኛል።

ባለፈው ሳምንት እነዚያው ልጆች እዚያው ቦታ ላይ በባጃጅ ምክንያት እንደገና ተጣሉ። በረንዳ ላይ ተቀምጬ አፌን ዘጋሁ። ጎማ የነካት ትመለስ፣ አትመለስ እየተባባሉ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ትንሿ ልጅ ብድግ ብላ ወደ ዛፉ ግንድ ሄደችና «ጉድጓዱን እዚህ እንቆፍረው፤ ባጃጅ አይደርስም» አለች።

«እዚያ ሥር አለ፣ ብይ ይነጥራል» አለ ትልቁ።

«ይንጠራ! ለሁላችንም ነው የሚነጥረው።»

ትልቁ ልጅ ሥሩን በእግሩ መታ መታ አደረገው፤ ከዚያ ከኪሱ ቆርኪ አውጥቶ መቆፈር ጀመረ።