ለክቡር የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ፣ ባሉበት ውሃ የማያስገባ የዳክዬ አዳኝ ሱሪ

ክቡር ሆይ፣

ጎህ ሳይቀድ፣ ውሃው ወገብ ሲደርስ፣ ዳክዬዎቹ ሊያርፉ ሲያንዣብቡ እርስዎ ብቅ ይላሉ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ አንድ ካልሲ ማራስ ይበቃዎታል።

አድራሻዎን እናውቃለን፦ ስፌቶቹ የሚገጣጠሙበት ብሽሽት፣ የጉልበት ውስጠኛው ጎን፣ ሱሪው ከቦት ጫማው የተጣበቀበት ዙሪያ። እሾህና የአጥር ሽቦ ይታሙ እንጂ ቤት የሚሠራልዎ አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ነው። «5 ሚሊሜትር ኒዮፕሪን» (ስፖንጅ መሰል ጎማ) ሲሉት ይሞቃል ብሎ ይከፍላል። ከነወፍራም ልብሱ ለብሶ ቁጢጥ አላለበትም፤ ጉልበቱንም ወደ ደረቱ አላነሣበትም። ጠባብ ሱሪ በየእርምጃው የብሽሽቱን ስፌት ይጎትታል፤ እርስዎ ይወለዳሉ። ሲበዛ ሰፊውም ጉልበት ላይ እየታጠፈ ይፋተጋል፤ መንትያዎ ይወለዳል። ስፌቱ ከውስጥ በቴፕ መታሸጉን፣ ጉልበቱ ድርብ መሆኑን ማየት ከውፍረቱ በፊት ነበር። ጠባብ ቦት ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ የሚጠቀጥቀውማ ሙቀት የሚይዘውን አየር ጨፍልቆ ያለ እርስዎ እርዳታ ይበርደዋል።

ፍርድ እንዳይጓደል፣ በላብ ጥፋት የሚታሙበት ጊዜም አለ። ኒዮፕሪን አይተነፍስም፤ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ደህና ነው፣ ረግረግ ለሚያቋርጥ ግን መታጠቢያ ቤት ነው። እግሩ ሁሉ እኩል ከረጠበ ላብ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ እርስዎ ነዎት።

መያዣዎም ቀላል ነው። ስስ፣ የሚተነፍስ ጨርቅ ከሆነ ጨለማ ክፍል ገብቶ ሱሪው ውስጥ ባትሪ ማብራት፤ ኒዮፕሪን ከሆነ አፉን ጠቅልሎ አየር ማፈንና የሳሙና ውሃ መቀባት። አረፋ ካወጡ ተያዙ። ቦታውን በአልኮል ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚለጠጥ የዩሪቴን ማስቲሽ ከዳርዎ 1 ሴንቲሜትር ያህል አሳልፎ መቀባት፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ አለመንካት። እርጥብ ላይ የሚለጥፍ ችኩል ወዳጅዎ ነው፤ ጠዋት ይላጥልዎታል።

ሱሪው ውስጡ ደርቆ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ በቦት ጫማው ተይዞ ቁልቁል መሰቀል ነበረበት። ባለቤቱ እርጥቡን አጣጥፎ መኪናው ኋላ ወርውሮታል። አይስጉ፣ ማጠፊያው ላይ ዘመድ ይጨመርልዎታል።

ከቀዘቀዘ ሰላምታ ጋር፣
ካልሲዎቹ