ዘጠና ሰባት!

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሚያስቸኩለኝ ጉዳይ አልነበረኝም፤ ግን እንደቸኮለ ሰው ነበር የምራመደው። ከፊቴ ሰማያዊ ቲሸርት የለበሱ ተማሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው መንገደኛውን እየለቀሙ ነዋ! የስኳር በሽታን ስለመከላከል የሚያወራ ባነር ሰቅለዋል። አንዷ ቀደመችኝ። «ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ!» አለች። ጋሼ። 46 ዓመቴ ነው። እሺ፣ ይሁን።

ሁለቱ ደቂቃ ስምንት ጥያቄ ሆነ። መጠይቁ የተሠራው ፊንላንድ ነው አሉ፤ መርፌ ሳይነካህ፣ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድልህን በነጥብ ይገምትልሃል። ዕድሜ፣ ክብደትና ቁመት፣ እንቅስቃሴ፣ አትክልት፣ የግፊት መድኃኒት፣ ዘመድ ወዘተ። እስከዚህ ሰላም ነበርን። ከዚያ ልጅቷ ሜትር አወጣች። የልብስ ሰፊ ሜትር። እምብርቴ ላይ ስታዞረው ራሱን የሚያከብር ወንድ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ። «ጋሼ፣ ይተንፍሱ እንጂ» አለች። ተነፈስኩ። ዞር ብላ ወረቀት ይዞ ለተቀመጠው ጓደኛዋ «ዘጠና ሰባት!» ብላ ጮኸች። ልጁ አልሰማም። «ስንት?» አለ። «ዘጠና ሰባት!!»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። አንድ ሰውዬማ ከንፈሩን መጠጠልኝ። እሱ ራሱ ቢለካ ሜትሩ ይደርስለት እንደሆነ እንጃ።

ይሄን የምጽፈው በዚያ ጩኸት የተነሳ ነው። የባንክ ሂሳብህን ጮክ ብሎ የሚያነብ ገንዘብ ያዥ ቢገጥምህ ሥራ አስኪያጅ ትጠራለህ። ቦርጭ ግን የጋራ ንብረት ነው። ያገኘህ ሁሉ ገና ሰላም ሳይልህ ሆድህን መታ አድርጎ «ተመችቶሃል!» ይልሃል። ልጆቹ ከየት ይማሩ ታዲያ?

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ያ መፈክር ተለጥፏል። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ።» ከዚህ መፈክር ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ፊደል ከቆጠርኩበት ጊዜ ጀምሮ መርፌ ልወጋ በገባሁበት ቤት ሁሉ ግድግዳ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ኖሯል። ቤት ስለሚመታ ጆሮ ዜማውን ይዞ ነገሩን ይጥለዋል። ደግሞ ማን ነው በቀን ተቀን ወሬው «መማቀቅ» የሚል?

የኔ ተረት «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። ሁለት ቃል ብቻ! ልጅ ሆኜ ግን አይገባኝም ነበር። ቅጠል እንዴት አድርጎ እሳት ያጠፋል? ያጠፋል። ገና ጭስ ብቻ እያለ በእርጥብ ቅጠል ቸብ ቸብ ካደረግከው ያልቅለታል። ቤቱ ከተያያዘ በኋላ ግን ጫካ ሙሉ ቅጠል ብታመጣ ማገዶ መጨመር ነው። ስኳርም ልክ እንደዚህ ነው። ሳትበላ አድረህ የደምህ ስኳር ሲለካ ከ100 እስከ 125 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ካሳየ ጭሱ ነው፤ ቅድመ ስኳር ይሉታል። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በድጋሚ ሲለካም እዚያው ከተገኘ ተያይዟል። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ የቅጠል ሳይሆን የሐኪም ነው።

የቅጠሉም ልክ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ጭሱ የታየባቸውን 3,234 ሰዎች ከፋፍለው፣ አንዱን ቡድን ክብደታችሁን 7 በመቶ ቀንሱ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ አሉት። ለሌላው ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን፣ ለሦስተኛው ምንም የሌለበት ክኒን ሰጡት። ከዚህ ከሦስተኛው ጋር ሲተያይ፣ ሜትፎርሚን የዋጡት ላይ በበሽታው መያዝ በ31 በመቶ ቀነሰ። የተንቀሳቀሱት ላይ በ58 በመቶ። እግር ክኒንን በለጠ ማለት ነው።

ልጆቹ ይሄን በደንብ ነገሩኝ፤ ሸምድደውታል። ያልነገሩኝ አንድ ነገር አለ፤ ምናልባት ለእነሱም የነገራቸው የለም። እነዚያ ሰዎች በራሪ ወረቀት ተሰጥቷቸው አይደለም የተለወጡት። እያንዳንዳቸው አሰልጣኝ ተመድቦላቸው፣ ገና በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት 16 ትምህርት አብሯቸው ተቀምጦ፣ ምን በላህ፣ ስንት ደቂቃ ሄድክ እያለ ነው። እኛ ጋ ግን ልጆቹን ቲሸርት አልብሶ በዓመት አንዴ የሚያሰማራ ኃላፊ አለ። ኖቬምበር 14፣ የዓለም የስኳር በሽታ ቀን። የደምን ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊንን ካገኙት አንዱ የሆነው የፍሬድሪክ ባንቲንግ ልደት ነው። ባነሩ ይሰቀላል፣ ኃላፊው መጥቶ ንግግር ያደርጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርቱ ላይ «ይህን ያህል ሰው ግንዛቤ ጨበጠ» ተብሎ ይጻፋል። እኔም ጨብጫለሁ እንግዲህ። በማግስቱ ጠረጴዛውም የለ፣ ልጆቹም የሉ። ይሄ ያናድደኛል፤ በልጆቹ አይደለም፣ እነሱማ የቅዳሜ እንቅልፋቸውን ትተው ነው የመጡት።

ተንቀሳቀስ የሚሉኝ ነገር ደግሞ አንድ ቂም አለበት። ተማሪ ቤት እያለሁ የስፖርት አስተማሪያችን ሩጫን የሚያውቀው በቅጣትነት ነበር። ያረፈደ አምስት ዙር። የሳቀ አምስት ዙር። መለያ የረሳ አስር ዙር። ጎበዞቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዩናል። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ መሮጥ የጥፋተኛ ሥራ፣ መቀመጥ የጨዋ ሽልማት ነው ተብሎ ያደገ ሰው፣ አሁን በ46 ዓመቱ ተነስ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ጥያቄ «ምን አጠፋሁ?» ነው። አጎቴም እንደዚሁ ነው። ሐኪሙ በእግርህ ሂድ ሲለው «መኪናዬ ምን ሆነ ብሎ ነው?» አለ።

ባነሩ ላይ ደግሞ ቀይ ኤክስ የተደረገበት የስኳር ምስል አለ። እዚህ ላይ ልጅቷን ተከራከርኳት። የበሽታውን ስም «ስኳር» ያለ ሰው ብዙ ጥፋት ነው የሠራው። ስሙን የሰማ ሁሉ ሻዩ ውስጥ የሚጨምረውን ትቶ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተለጥፎ፣ «እኔ እኮ ስኳር አልነካም» ይላል። ጣፋጭ ለስላሳ ማብዛቱ አይጎዳም አላልኩም፤ ይጎዳል። ግን ዓይነት 1 የሚባለው አለ፤ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች የሚያጠፋበት። ብዙ ጊዜ ልጆችን ነው የሚይዘው። ከረሜላ አላመጣውም፣ ሩጫም አያስቀረውም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1922 የመጀመሪያው ኢንሱሊን የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የሚጠብቀው ሞት ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በቀን ብዙ ጊዜ እየተወጋ የሚኖር ልጅ ያላትን እናት «ጣፋጭ አብዝተሽበት ነው» የሚላት ጎረቤት አይጠፋም። ጆሮዬ ሰምቷል። እናትየዋ ምንም አልመለሰችም፤ የልጇን ቦርሳ ዚፕ ዘጋች፣ ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች። ለዚህ ጎረቤት አምስት ዙር ያንሰዋል።

ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝና «ልክ ነዎት ጋሼ፣ እኛም ባነሩን ሲሰጡን እንደዚያ ብለናል» አለችኝ። ተናደድኩ። ልክ ነዎት ከሚል ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ?

ብቻ ወደ ወገቤ ልመለስ። ልጁ ነጥቤን ደመረ። ዕድሜ 2፣ ክብደት 1፣ ወገብ 3፣ አለመንቀሳቀስ 2፣ አትክልት በየቀኑ አለመብላት 1፣ አያት 3። አስራ ሁለት። ይህን ነጥብ ካመጡ ስድስት ሰዎች አንዱ ይያዛል ማለት ነው አለኝ፤ እሱ እንኳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዞር ብዬ ሰልፉን ቆጠርኩ። ከኔ ጋር ስድስት ነን። ከንፈር የመጠጠልኝ ሰውዬ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል።

ሳይበሉ አድረው በጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ ብለውኛል። እሄዳለሁ። በዚህ ሳምንት ሥራ በዝቶ ነው።

ማታ ግን ቤት ውስጥ ሜትር ፈልጌ ለካሁ። መስታወት ፊት፣ በር ዘግቼ፣ ተንፍሼ። ዘጠና ስምንት። ሜትሩ አሮጌ ነው፣ ሳይለጠጥ አይቀርም ብዬ ልጽናና ስል፣ የተለጠጠ ሜትር የሚያሳየው አሳንሶ እንጂ አብዝቶ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ።